ለተዘረፉት አቶ ሱሩር፣ ከዘራፊ ጎረቤትዎ

ለክቡር አቶ ሱሩር ይማም
የይርጋ በር ጠቅላላ ንግድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ሐይቅ

ጉዳዩ፦ መጋዘንዎን ስለ መዝረፌ የተሰጠኝን ክብር በምስጋና ስለ መቀበል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ የማያልቅ ሲሳይና በክርክር የማይደክም ጠበቃ እንዲያድልዎት እየተመኘሁ፣ እኔም ሆንሁ ቤተሰቤ፣ የልብስ ስፌት መኪናዬም ጭምር፣ ለጊዜው በደኅና መኖራችንን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ወደ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ስለምባል፣ ዓርብም ከስግደት በኋላ ሰላም ልልዎት ስጠጋ ጫማዎን በእጅዎ ይዘው በባዶ እግርዎ ስለሄዱብኝ፣ በዚህ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው ያነቡታል በሚል ቅን ሐሳብ ነው።

ስሜ ኑርሁሴን እንድሪስ ይባላል። ለብዙ ዘመን አንድ ግድግዳ ተጋርተን ብንኖርም፣ በአቤቱታዎ ላይ የተጻፍሁት «ከመጋዘኑ ጀርባ የሚኖረው ልብስ ሰፊ» ተብዬ ስለሆነ ስሜን ረስተውት ይሆናል ብዬ ነው መጥቀሴ።

ለማያውቅ መንገደኛም ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ድርጅትዎ በጦርነቱ ንብረቴ በሙሉ ተዘረፈ ብሎ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት በመሐላ ቃሉን ሰጠ፤ በዚህም ከግብር ዳነ። ተዘረፈ የተባለው ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ግን ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ ታየ ተብሎ የግብር መርማሪዎች የማጭበርበር ምርመራ ጀመሩ። እርስዎም ምርመራው ሕገ ወጥ ነውና ይቁምልኝ ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም ክርክሩ ተሰምቶ እስኪያልቅ ምርመራው ባለበት እንዲቆም አገደ። ባለፈው ሳምንት በችሎቱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አቤቱታዎ ሲነበብ አዳመጥሁ። እጅግ ያማረ አቤቱታ ነው። ጥቂት ቅሬታዎች ብቻ ስላሉኝ እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አቤቱታዎ ንብረቱ «በአካባቢው ነዋሪዎች፣ በተለይም በልብስ ሰፊው መሪነት» ተዘርፏል ይላል። መሪነት ስለምትለዋ ቃል ከልብ አመሰግናለሁ። እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ ማንም በምንም ነገር መሪ አድርጎኝ አያውቅም፤ በገዛ ቤቴም ቢሆን የምጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው።

እርስዎ በቦታው ስላልነበሩ የዘረፋው አፈጻጸም ላይነገርዎት ይችላል። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ እርስዎ መኪናዎን አስነሥተው በደሴ በኩል ወጡ፤ መኪና ያለው ሰው ይወጣል፣ አልቀየምሁም። ዘበኛዎም ቁልፉን እንደያዘ እግሬ አውጪኝ አለ። የቀረነው እኛ ነን። እኔና ጎረቤቴ ወይዘሮ ጸዳለ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ የሚቀባበርባት የዕድራችን፣ የቅሬያችን ሰዎችም ተጨምረው፣ የጋራ ግድግዳችንን ነድለን ዕቃዎን በየቤታችን አሸሸነው። እንዳይዘረፍ ብለን ዘረፍነው ማለት ነው። ስኳሩ ከጸዳለ ጎታ ኋላ ገባ፤ ዘይቱ በየጓሮው ከጭድ ክምር ሥር ተቀበረ። ሳሙናው የደረሰው ለእኔ ቤት ነበር። ካርቶኑን ደርድረን ፍራሽ አነጠፍንበትና ልጄ ራዚያ በሽተኛ መስላ ተኛችበት።

የታጠቁ ሰዎች ገብተው ቤቱን ሲፈትሹ ይህች ምን ሆና ነው ብለው ጠየቁ። እናቷ የሚተላለፍ በሽታ ነው ስትላቸው በሩን እንኳ ሳይዘጉ ወጡ። ልጄ ያን ጊዜ በእርስዎ ሳሙና ላይ ስትንቀጠቀጥ እያስመሰለች አልነበረም፤ ከልቧ ፈርታ ነበር። ከዚያ ጊዜው ሲረጋጋ እርስዎ ተመለሱ፤ እኛም ዕቃውን ባወጣንበት ቀዳዳ መልሰን አስገብተን ቀዳዳውን በጭቃ መረግነው። ዘራፊነታችን እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ነው።

ሁለተኛ፤ እርስዎ ያን ጊዜ ውለታችንን ዝም ብለው አላለፉትም። የምስጋና ዱአ አደርጋለሁ ብለው ተነሡ። ክርስቲያን ጎረቤቶችዎ እንዳይቀሩብዎት የገና ጾም እስኪፈታ ታገሡ፤ በጥር ወርም ረቡዕና ዓርብ ያልሆነ ቀን መረጡ። አንዱን በሬ በሙስሊም፣ አንዱን በክርስቲያን አሳርደው፣ የቅሬያችንን ድንኳንና ድስት ተውሰው መንደሩን በሙሉ አበሉ። ያን ቀን ከመብላት በቀር ምንም አላሰብሁም። አሁን ሳስበው ግን አንድ በሬ ብቻ አሳርደው ቢሆን ኖሮ ምስክሩ በግማሽ ይቀንስልዎት ነበር። የጎዳዎት ወሎዬነትዎ ነው።

ዱአው ሲያበቃ ማይክሮፎኑን ይዘው ተነሥተው፣ «ጎረቤቶቼ፣ አላህ ይውደዳችሁ፤ ወላሂ አንዲት ሳሙና አልጎደለችብኝም» አሉ። አሚንና አሜን በአንድ ላይ ተሰማ። አቤቱታዎ ታዲያ «በጸሎት ሥርዓት ላይ የተነገረ ቃል በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለ ምስጢር ስለሆነ፣ መርማሪዎች ስለዚህ ምስክር መጠየቃቸው የእምነት ነፃነትን የሚጥስ ነው» ይላል። ሕግ አላውቅም፤ ሆኖም ወደፊት ለፈጣሪ የሚነገር ምስጢር ሲኖርዎት በሞንታርቦ ባይነግሩት መልካም ይመስለኛል፤ ከሐይቁ ማዶ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ሰምተውታልና። ደግሞስ ለፈጣሪ ምንም አልጎደለብኝም፣ ለመንግሥት ምንም አልተረፈኝም ብለው ከሆነ፣ ከሁለቱ የዋሹት ለየትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ከእኔ ዓይነት ሰው ድፍረት ይሆናል። ለመንግሥት ቢሆን ይሻልዎታል ብዬ ግን በወንድምነት እመክራለሁ፤ እሱ በቅጣት ይተዋል።

ሦስተኛ፤ መርማሪዎቹ ገለልተኛ አይደሉም፣ «በዋናው ተጠርጣሪ ቤት ገብተው ሻይ ጠጥተዋል» ተብሏል። እውነት ነው። ሁለተኛውንም ብርጭቆ በግድ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። ቤቴ ድረስ የመጣን እንግዳ ለፍትሕ ስል ነው ብዬ ጉሮሮውን ሳላርስ ብሸኘው፣ በዚህ አገር ማን ሰው ይለኛል? ወንጀል ከሆነ ግን ጠበቃዎም ከዚሁ ወንጀል አይድኑም። ግድግዳውን ሊያዩ የመጡ ዕለት እኔው ቤት ተቀምጠው ሻይ ጠጥተዋል፤ ስኳርም ጨምሩልኝ ብለዋል። ስኳሩን ከእርስዎ ሱቅ መግዛቴንና ደረሰኝ ብጠይቅ ትቀልዳለህ ተብዬ መመለሴን አልጠየቁኝም፤ እኔም ሻዩ እንዳይመራቸው ብዬ ዝም አልሁ።

አራተኛውን ቅሬታ ልጽፍ ብዬ ትቼዋለሁ። ንብረቱ በሙሉ ተዘርፎ ባዶ እጁን የቀረ ሰው፣ ከጦርነቱ ወዲህ የሱሪዎቹ ወገብ ጠቦት ሁለት ጊዜ እኔ ዘንድ አስፍቷል ብሎ መናገር የሙያ ምስጢር ማውጣት ስለሚሆንብኝ በዚሁ አልፈዋለሁ።

አምስተኛውና የመጨረሻው፤ ጠበቃዎ ምርመራው «የድርጅቱን መልካም ስም አጉድፏል» ሲሉ ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ እኔንም ሊያስለቅሱኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ድርጅት ባልሆንም እኔም ስም አለኝ።

ልጄ ራዚያ ለውጫሌ ሰው ልጅ ታጭታለች። ረመዳን ሳይገባ ኒካሁ እንዲታሰር ተስማምተን ነበር። አቤቱታዎ ግን ከችሎት ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ውጫሌ ደረሰና የልጁ አባት አቶ አብዱልከሪም ሽማግሌዎች ላኩብኝ። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው። «ልጅቱን ጠልተን እንዳይመስልህ፤ ብቻ ነገሩ ይጥራና እንመለሳለን፤ አብሽር» ብለው የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ተነሡ። ሰው ቤቴ ገብቶ ሳይቀምስ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ራዚያ ሳህኖቹን እንዳሉ አነሣች፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ስትሥቅ አላየኋትም።

የእርስዎን ሳሙና በገላዋ ሸፍና ያተረፈች ልጅ የሌባ ልጅ ተብላ ትዳሯ ቆመ። ተናድጃለሁ፣ አቶ ሱሩር። ይህንን በአክብሮት የምገልጽበት ቃል ብፈልግ አጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ ይጥራ ያሉትን ይዤ ወደ መርማሪዎቹ ሄጄ ነበር። ዕቃው ለባለቤቱ መመለሱን አጣርተን ስንጨርስ የአንተም ስም አብሮ ይነጻል ብለው ቃል ገብተውልኝ ነበርና። አሁን እጃችን በእግድ ታስሯል አሉኝ። እንግዲህ የእርስዎ ምርመራ በቆመ ቁጥር የእኔ ሌብነት ይቀጥላል፤ ክርክሩ ዓመት ቢፈጅ ዓመት፣ ይግባኝ ቢባል ደግሞ ከዚያም በላይ እሰርቃለሁ ማለት ነው። በስተርጅና እንዲህ ያለ ረጅም ሥራ አልችልም።

ስለዚህ የቅሬያችን ሰዎች ተቀምጠን መከርን። አንዱ ሽማግሌ እንላክባቸው አለ፤ ሌላው ለጠበቃ እናዋጣ አለ። መላውን ያመጣችው ጸዳለ ናት። «ዘርፋችኋል ከተባልን፣ እንግዲያ አዎ ዘርፈናል ብለን እንግባላቸዋ» አለች። መጀመሪያ የቀለደች መስሎን ሣቅን። ቆይተን ስናስበው ግን ፍርድ ቤቱ ያገደው የግብር መርማሪዎችን ነው። ዘርፌያለሁ ብሎ በእግሩ የሚመጣን ሰው ቃሉን እንዳይቀበል ፖሊስን ያገደ ማንም የለም። ፖሊስ ደግሞ፣ እኔ እንደማውቀው፣ ዘራፊ ሲይዝ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ዕቃውን የት አደረስኸው ብሎ ነው።

በዚህም መሠረት የፊታችን ሰኞ ጠዋት እኔ በተሰጠኝ መሪነት ከፊት ሆኜ፣ ጸዳለ ከእኔ ቀጥላ፣ ሙሉ ቅሬው ተሰልፎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በመሄድ እጃችንን እንሰጣለን። አንዳችም ነገር አንክድም። በየት በኩል እንዳወጣን፣ ማን ምን እንደተሸከመ፣ የት እንደደበቅነው እናምናለን፤ ግድግዳውንም እናሳያለን። የት አደረሳችሁት ስንባል ለባለቤቱ አስረከብን እንላለን። ተረካቢው ማን ነው ከተባለም ስምዎን ከነሙሉ ማዕረግዎ እንሰጣለን። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለማየት የቅሬያችን ሰው ሁሉ ሰኞን ከሥራ ነፃ አድርጎታል።

ይህ ሁሉ ድካም ላይኖር ይችላል። እስከ ሰኞ ክስዎን ቢያነሡና ያን ቀን በድንኳኑ ውስጥ የተናገሩትን ለመርማሪዎቹም ቢደግሙላቸው፣ እኛ ከእስር፣ ልጄም ከሰው አፍ እንድናለን። ስለ ግብሩ ከእርስዎ የምፈልገው የለኝም፤ እሱ በእርስዎና በመንግሥት መካከል ያለ ነገር ነው። እኔ የምፈልገው ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቤቴ ቁጭ ብለው እንዲበሉ ብቻ ነው።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም በማዕረግ ከልብስ ሰፊነት ወደ ዘራፊዎች አለቃነት ስላሳደጉኝ፣ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንሁ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከሰማይ እንደ ዝናብ ወርዶልዎት ለሚሸጡት ሳሙና መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
ግድግዳ ተጋሪዎ፣ ያለ ደረሰኝ ደንበኛዎ፣
ኑርሁሴን እንድሪስ፣ ልብስ ሰፊ
ሐይቅ፣ የካቲት 2015 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለቅሬያችን አባላት በሙሉ (ሰኞ የሚያረፍድ እንዳይኖር)
ለተከበሩ ጠበቃዎ (ሻይ አሁንም አለ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ የምለጥፍበት ማጣበቂያ እየፈለግሁ ሳለ አቶ አብዱልከሪም ከውጫሌ ደወሉልኝ። የሰኞው ነገር ጆሯቸው ደርሷል። «በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፤ ዘመዴ ብቻውን እጁን አይሰጥም፤ እኔንም ዘራፊ ብላችሁ ጻፉኝ» አሉ። አንድም ካርቶን ያልተሸከመ ሰው አይገባውም ብዬ ብከራከራቸው አልሰማ አሉኝ። ከጣቢያው እንደወጣን ኒካሁን እናስራለን፣ እስከዚያም ወሬ ይብቃ ብለዋል፤ ራዚያም ይህን ስትሰማ ሣቀች። ስለዚህ እርስዎም እንደ ጎረቤት በክብር ተጠርተዋልና እንዳይቀሩብን። ስጦታ ለመያዝ ግን አይጨነቁ፤ በመሐላ በሰጡት ቃል መሠረት ምንም የተረፈዎት ነገር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።