እጅህን ስጥ እንጂ!

ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ትንሿስ? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ከደረጃው ጋር እንደተኳረፈ ነው እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ሰላምታው ይህን ያህል ይብቃህ፤ ተናድጃለሁ።

ፖስትካርድህ ትናንት ደረሰኝ። «ንጉሥ ወደ ጥግ» ይላል። ታዲያ ወዴት ሊሄድ ኖሯል? ያለው መሄጃ እሱ ብቻ ነው! ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ሳምንት ስታስብ የከረምከው? እኔ ንግሥትና ሁለት ወታደር አለኝ፤ አንተ ሁለት ወታደር ብቻ። ቼዝ በፖስታ የሚጫወት ሰው ወግ አለው፤ ማለቁን ሲያይ «እጄን ሰጥቻለሁ፣ ጥሩ ተጫውተሻል» ብሎ ይጽፋል። ልጅ ሳለሁ አልተሸነፍኩም ብዬ ሳለቅስ «ባለጌ አትሁኚ፣ ንጉሡን አስተኚው» ትለኝ የነበርከው አንተ አይደለህም? ሕጉ ለእኔ ብቻ ነበር?

መነጽር ቤት አብሮኝ የሚሠራውን፣ ሻለቃ የምንለውን ሰውዬ ታስታውሰዋለህ። ጨዋታውን በወረቀት ስዬ ባሳየው ሳቀ። «ይሄማ ንቆሻል። ንግሥት ይዛ እንኳ አታሸንፈኝም ብሎ እኮ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። ቤት እንደገባሁ ልክህን ልነግርህ ወረቀት አወጣሁ።

እማዬ አጠገቤ ልብስ ታጥፋለች። ምን ጻፈ አለችኝ። ፈረሱን ከጳጳሱ ለይታ አታውቅም፣ ግን ሁሌም ትጠይቃለች። ንጉሡን ጥግ አስገባ አልኳት። «ከታች የጻፈውስ?» ከታች፣ እንደ ልማድህ በደቃቅ ፊደል፣ «ትንሿ ጥርስ አወጣች» ብለሃል። አነበብኩላት። የያዘችውን ሸሚዝ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። «የላዩን ነው የታቹን?» አለች። እኔ በምን አውቄ! ሚስትህን ደጄን እንዳትረግጥ ያለቻት እሷ፤ እናት የለኝም ብለህ ስልክ የማታነሳው አንተ፤ የጥርሱ ነገር ግን የሚጠየቀው ከእኔ! ሁለታችሁ ወፍጮ ሆናችሁ የምትፈጩት እኔን ነው።

ቆይታ ጨዋታው መቼ ነው የሚያልቀው አለችኝ። እጁን ከሰጠ ዛሬውኑ አልኳት። የታጠፈውን ልብስ ሰበሰበች። ከዚያ «ተይው እንግዲህ፣ አታጣድፊው» ብላ ልብሱን ታቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች።

ንዴቴ በርዶልኛል ብለህ እንዳታስብ። አሁንም ባለጌ ነህ። ነገ ሻለቃን በምን ዓይኔ እንደማየው አላውቅም።

መልሴ ይኸውልህ፦ ንግሥቴን ከንጉሥህ ጎን አቁሜያታለሁ። ከኋላዋ የሚጠብቃት የለም፤ ብትበላት ሁለት ለሁለት ወታደር እንቀራለን። ተሳስተሽ ነው ወይ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ዝም ብለህ ብላት።

ቤትህን ሰላም ያድርግልህ፣ ልጅህን ያሳድግልህ።

የተናደደችው እህትህ