ጌሾ የገባበት ወይን

ኅዳር 9፣ 1976፣ ቅዳሜ
ወይኑ ዛሬ ተለቀመ። ነጩ፣ ጓሮ ያለው። ቀበሌ ቤቱን ወርሶ ለእኛ ሲያከራየን ሐረጉም አብሮ መጣ። የተከለው የቤቱ ባለቤት የነበረው ሙሴ ያኒ ነው፣ ኋላ ድሬዳዋ የገባው ግሪኩ ባለሱቅ። እማዬ ስንት ዘመን ወጥ የሠራችለት። እኔን ሐረግ መግረዝና ወይን መጭመቅ ያስተማረኝ።

ጭማቂውም ልጣጩም ፍሬውም አንድ ላይ ጋን ገባ። ውሃ የለ፣ ስኳር የለ፣ ጌሾ የለ። ጋኑ በግራዋ አይታሽም፣ በወይራ አይታጠንም። የሙሴ ያኒ ሕግ ይኸው ነበር፤ ምንም አትጨምር። እማዬ ጠጅ ጣይ ናት። ያልታጠነ ጋን ስታይ ፊቷን አዞረች።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ
እየፈላ ነው። ልጣጩ ይንሳፈፋል፤ ጠዋት ማታ በእንጨት ወደ ታች እመልሰዋለሁ። መ/ቤት እጄ ይሸታል። አለቃዬ ጠጅ ቤት ከፈትህ ወይ አለኝ። እማዬ በጓዳው በር ታልፋለች፣ ታሸታለች፣ ምንም አትልም። ዝምታዋን አልወደድሁትም።

ጥር 6፣ እሑድ
ጋኑ ጸጥ አለ። አፉን በጭቃ መረግሁት። እስከ ግንቦት አይነካም። ቀለሙ ቀጭን ሻይ መስሏል፤ ነጭ ወይን ከልጣጩ ጋር ሲከርም እንዲያ ነው።

ጀማል መጣ፣ ጎረቤታችን፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ። ከድሬዳዋ መልእክት ይዞ። ሙሴ ያኒ ግንቦት ላይ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው። ባቡሩ ሚኤሶ ሲቆም ከሐረጌ አንድ ጠርሙስ አምጣልኝ ብሏል። ደስ አለኝ። የእኔን እጅ ቀምሶ ይሂድ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

መጋቢት 18፣ ማክሰኞ
ለሥራ ገለምሶ ሰንብቼ ገባሁ። የጋኑ ጭቃ እርጥብ ነው። ከፈትሁት። ጌሾ! እንጨቱ እፍኝ ሙሉ።

እማዬ አልካደችም። አዘንሁልህ እንጂ ምን አጠፋሁ አለች። ጌሾ የሌለው መጠጥ ለእንግዳ ይሰጣል ወይ? ሰውዬው ያን ሁሉ ዘመን እራቱን በእኔ ጠጅ አይደለም ወይ የበላው? መጮህ አማረኝ። አልጮህሁም። ጓሮ ወጥቼ ሐረጉ ሥር ቆምሁ። እንጨቱን ለቅሜ ጣልሁ፣ ምሬቱ ግን ገብቷል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ግንቦት 3፣ ዓርብ
ጋኑን በየጠርሙሱ ቀድቼ ጨረስሁ። ጠርቷል። አፍ ሲገባ ወይን፣ ሲዋጥ የእማዬ ጠጅ። ልውሰድለት? ሌላ የለኝም። ባዶ እጄንም አልሄድም። እማዬ ልምጣ ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ አዲሱን ነጠላዋን አወጣች።

ግንቦት 4፣ ቅዳሜ፣ ማታ
ጀማል እማዬን ጋቢና አስቀመጣት። ጠርሙሱን አንተው ታቀፈው፣ ወላሂ የእኔ እጅ አይነካውም አለኝ። ሚኤሶ ሙቀት፣ አቧራ። ባቡሩ ዘገየ።

ሙሴ ያኒ ወረደ። አርጅቷል። እማዬ ብርጭቆ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ኖሯል። ቀዳሁለት። ቀመሰ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ እልፍነሽ፣ ጌሾሽ አለበት አላት። ዓይኑ እንባ ሞላ። ሕጉን ያወጣው ሰውዬ ድገሚኝ ብሎ ብርጭቆውን ለእሷ ዘረጋ። እማዬ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

እኔን ሐረጉ ደህና ነው ወይ አለኝ። ደህና ነው አልሁት። ባቡሩ ሄደ። ከፍቶኛል። ቀናሁ መሰለኝ።

ግንቦት 5፣ እሑድ
 እማዬ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። ከሰዓት በኋላ ባዶውን ጋን በግራዋ ስታጥብ አገኘኋት፣ ዓይኗ ቀልቷል። ዳግመኛ አልነካብህም አለችኝ።

ለሚመጣው ለቀማ ጋን ሁለት ይሁን አልኋት። አንዱ የእኔ፣ ምንም የማይገባበት። ሌላውን ታጥኚዋለሽ፣ ጌሾሽን ትጨምሪያለሽ።

ለማን ብዬ? አለች።

ግራዋውን ከእጇ ተቀብዬ ጋኑን ማሸት ጀመርሁ። ለእኔ፣ አልኋት።