የድሮዎቹ ቧንቧዎች እንዳይቆረጡ

ልጄ ሮስቪታ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

የመንደራችን ባለቧንቧ ኦርጋን ለከተማው ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ይሂድ፤ ሌላው ሁሉ ጀርመን ገብቶ ስድስት ምእመናን ቀርተናል። ነገር ግን አዳዲስ ቧንቧዎች ጨምረው ሊያሳድጉት ነው፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ከእነሱ ቅኝት ጋር እንዲገጥም የድሮዎቹን አናት ሊቆርጡ ይፈልጋሉ። የተቆረጠ አይመለስም።

ከስድስታችን አንዷ እትዬ ገርሊንዴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ለሸረሪት ከሚዘምር እዚያ አጥሮ ለሰው ቢዘምር ምን አለበት?» አሉኝ።

ያለ እኛ ፈቃድ ስለማይቆርጡ፣ ትናንት ይቆረጥ አይቆረጥ ብለን ድምፅ ሰጠን፤ ሦስት ለሦስት ሆነ። ሰባተኛዋ አንቺ ነሽ፤ ስምሽ ከምእመናኑ መዝገብ አልተፋቀም። «የሄደ ሰው ስሙን ያስፍቅ» እያልኩ ስንት ዓመት የጨቀጨቅሁሽ እኔ ነኝ። እንኳንም አልሰማሽኝ።

አሁን ግን ስሚኝ። ከጰራቅሊጦስ በፊት «አይቆረጥም» ብለሽ ጻፊ፤ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

አምላክ ደጅሽን ይባርክልኝ።

አባትሽ