ሾፌር በነጻ የሚበላበት ቤት

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ዛሬም ባዶ። የምሳ ሰዓት አልፎ ሦስት ሰው። አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የገባ ነው፤ ውኃ እንኳ አላዘዘም። አስወጣሁት።

ስማ ደብተር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ምሕረት ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ። እሷን ስሰድብም ትጽፋለች፤ ውላችን ነው።

ወልቂጤ ላይ ክትፎ ቤት የከፈትኩት በብልሃት ነው። ለሾፌሩ ምርጡን ሥጋ በነጻ ታበላዋለህ። እሱ አውቶቡሱን ደጅህ ላይ ያቆምልሃል። ያ ሁሉ ተሳፋሪ ወርዶ ካንተ ይበላል። ንግድ ማለት ይኸው ነው። ለሾፌሮች ብዬ ሶፋ ያለው ክፍል ለብቻ ሠራሁ። አሁን መናኸሪያው ወደ ከተማው ጫፍ ሄደ። አውቶቡስ በደጄ አያልፍም። ሶፋው ላይ ድመት ትተኛለች።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ምሕረት ስትራቴጂ አለች። ከዩኒቨርሲቲ ይዛው የመጣችው ቃል ነው። የሾፌሮቹን ክፍል ለተማሪ እናድርገው፣ በርገርና ችብስ እንሽጥ፣ ዋይፋይ እናስገባ። ጊዜው ተለውጧል አባዬ ትለኛለች። ዕውር ነኝ እንዴ? በርገር ከምሸጥ ቤቱን ለቆራሌው ብሰጠው ይሻለኛል።

ተጣላን። እራት አልበላሁም። እሷም አልለመነችኝም። ይህን አትዝለዪ፣ ጻፊው።

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ከቸርች መልስ

የጅማው ሾፌር ታደለ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ሆቴል ሲበላ ታየ አሉኝ። ታደለ! ረዳት ሳለ ጀምሮ ያበላሁት! ሲያገባ በግ የሰደድኩለት! ነገ ሄጄ በሕዝብ ፊት አዋርደዋለሁ። ምሕረት አትሂድ አለች። እንግዲያው እሄዳለሁ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ 10 ሰዓት

ሄድኩ። በባጃጅ፣ ከዘራዬን ይዤ። ታደለን ገበታ ላይ አገኘሁት። ሆዳም፣ ከሃዲ፣ የበላበትን ወጪት ሰባሪ አልኩት። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየን። እሱ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። አውቶቡሱ የት እንደሚቆም የሚወስነው ድርጅቱ ነው፤ እኔ መሪ ብቻ ነው የምይዘው አለኝ። ድሮ መሪ የሚይዘው ወንድ ነበር አልኩት። ሳቀ። ጭራሽ ሳቀ!

ሻይ አዘዘልኝ። ልከፍል እጄን ኪሴ ስከት ቀድሞኝ ለአስተናጋጇ ሰጥቷታል። «በእኔ ነው አባባ፣ ይተዉት» አለኝ።

ሾፌር ለእኔ ከፈለ። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ንዴቴ እስኪበርድ የመናኸሪያው አጥር ሥር ቆምኩ። ሰዉን አየሁት። ያን ሁሉ ዘመን የማየው ሾፌሩን ነበር እንጂ ሰዉን አልነበረም። ቲኬቱን በስልኩ ቆርጧል፣ ሻንጣውን ታቅፏል፣ መኪናው እንዳያመልጠው ብሎ አይቀመጥም። ቆሞ ብስኩት ይበላል። ክትፎ ለተቀመጠ ሰው ነው። ግን ብስኩት? በጉራጌ አገር? ይሄ ደግሞ ከታደለ ሻይ ይልቅ አንገበገበኝ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ውሳኔ። ለሾፌር ሥጋ ማስቀመጥ ቀረ። ክትፎ ቤቱ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይከፈታል። መናኸሪያው በር ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል እከራያለሁ። ወንበር የለም። ቆጮ በጎመንና በአይብ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በእጅ ተይዞ የሚበላ። ለጾመኛ ያለ አይብ። ታደለም ከመጣ እንደ ሰው ተሰልፎ ይከፍላል።

ምሕረት እኔስ ያልኩህ ይህንኑ አይደል ትላለች። አይደለም። አንቺ ያልሽው በርገር ነው። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ ከንዴቴ የወጣ ነው። እሱን አስምሪበት።

የአዲሷ ቤት ሰሌዳ ላይ ያንቺን ስም አጽፊ። ከከሰረ የሷ ነው እንድል። ምን ያስቅሻል? ጻፊ እንጂ! ባጃጁ ደጅ ላይ ቆሟል፣ እኔ አሁን ሄጄ አከራዩን አናግራለሁ።