የእናትሽ ወንበር

ውድ ልጄ፣ የፈጣሪ ጥላ በሄድሽበት አይለይሽ፤ ክፉም አይንካሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። የግቢው በርም ቀለም ተቀብቷል።

የእናትሽ መርሳት ግን ብሷል። ባለፈው ወር ከሰፈራችን ማኅበር ቦርድ ተሰናበተች። ሦስት ስብሰባ ያለ ፈቃድ የቀረ አባል ይሰናበታል የሚለውን ደንብ ያረቀቅሁት እኔው ጸሐፊው ነኝ። የቦርዱ አባል የሆነው ልብስ ሰፊው፣ «ጋሼ፣ የመንገዱን መብራት ያስተከሉልን እኮ እሳቸው ናቸው! ታመዋል ብለው አንድ መስመር ይጻፉና ይለፍ» ሲል ለመነኝ። የእናትሽን መዘንጋት በቃለ ጉባኤ ማስፈር ውርደት መሰለኝ። «ደንብ ለሚስቴ ሲባል አይጣስም» አልሁና ስሟን በገዛ እጄ ሰረዝሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

እርሷ ዛሬም ሰኞ በመጣ ቁጥር ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ስብሰባው አልደረሰም?»

ዕድሜ ልኬን ውሸት የተጠየፍሁት ሰው፣ «ለሚመጣው ሳምንት ተላልፏል» እላታለሁ።

«ምነው፣ ጸሐፊው ሰነፈ እንዴ?» ብላ ትስቅና ቦርሳዋን ትመልሳለች።

ልጄ ሆይ፣ ስትደውዪ ከጠየቀችሽ አንቺም ተላልፏል በያት፤ ቃላችን አንድ ይሁን። ስምሽን ሳትረሳው ለዓይነ ሥጋ ያብቃችሁ።

አባትሽ