ሰባት ከሰባት ስላገኘው መምህርና ስለ ልጄ ግራ ዓይን

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በምድር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የተካሄደውን የመምህር ቅጥር፣ በዚያው ቅጥር ላይ የፈሰሰውንም ደም ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱ ዓይኖችዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ፤ ዓይን ሁለት ሆኖ መገኘቱ እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ በእኛ ቤት ከታወቀ ገና አራተኛ ሳምንቱ ነውና። እኔ አርባ ዓመት ድንጋይ በመጥረብ የኖርኩ ሰው ስሆን፣ የማስታወቂያ ሰሌዳዎ «ፈተናውን በገዛ ፈቃዷ አቋርጣ የወጣች» ብሎ የለጠፋት እጩ አባት ነኝ። በአደባባይ መጻፌን በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ በግል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከትልቁ ጠረጴዛዎ ላይ መቀመጫ አጥተው ይሆናል ብዬ ነው። የምለምነውም ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ያ ወረቀት ከሰሌዳው ይነሣ፣ የልጄም ፈተና በትክክለኛው መልስ ይታረም። ዝርዝሩን በቁጥር አቀርባለሁ፤ የተማረ ሰው ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንደኛ። ትምህርት ክፍሉ መምህር ሲቀጥር አንድ የቆየ ልማድ እንዳለው ክቡርነትዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሰባት ጎድጓዳ ቤቶች ባሉት የእንጨት ትሪ ላይ ሰባት ድንጋዮች ይቀርባሉ፤ እጩው ማጉያ መነጽር፣ ቢላዋና አንድ ብልቃጥ አሲድ ይዞ የእያንዳንዱን ስም ይጽፋል፤ ኮሚቴውም ጡረታ የወጡት ፕሮፌሰር ትተውለት በሄዱት የመልስ ወረቀት ያርማል። ፈተናው የሚያስመሰግን ነው። ጉድለቱ አንዲት ብቻ ናት፤ ቁጥሩ የተጻፈው በትሪው ላይ እንጂ በድንጋዮቹ ላይ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ድንጋዮቹ ወጡ፤ ሲመለሱም እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ቤት አልፎ ተቀመጠ። ይህን የነገረችኝ ያን ቀን ትሪውን በእጇ የተሸከመችው የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ናት፤ ሆስፒታል ድረስ መጥታ እያለቀሰች ነገረችኝ። እንግዲህ ላለፉት ስድስት ዓመታት ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ሁሉ በዚያ ክፍል ዜሮ እያገኘ ተመልሷል፤ እናንተም በየዓመቱ «የሚመጥን ሰው ጠፋ» እያላችሁ ማስታወቂያ አውጥታችኋል። ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ ድንጋዩን አላየም። ስለዚህ የማያወላውል ጽናት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሁለተኛ። ልጄ ሰባቱንም ለይታ ጻፈች። ሰብሳቢው እዚያው ፊቷ አርመው ዜሮ ከሰባት ብለው አነበቡላት፤ አክለውም የጠዋቱ እጩ ሰባት ከሰባት አግኝቶ መሄዱን ለማጽናኛ ያህል ነገሯት። በአራተኛው ቤት ያለው እብነ በረድ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ኳርትዛይት ይላል፤ ኳርትዛይት ማለት ቢላዋ የማይጭረው፣ አሲድም የማይነካው ጠጣር ድንጋይ ነው። ልጄ ሰብሳቢውን፣ ያስተማራትን መምህር በምትጠራበት አክብሮት፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብላ አንድ ጠብታ አሲድ አደረገችበት፤ ድንጋዩም አረፋ ደፈቀ። ከዚያም ማንም ሊክደው የማይችለውን ተናገረች፤ ትሪው ተዛንፎ ሳለ ሰባት ከሰባት ያገኘ ሰው ድንጋዮቹን አላየም፣ ያየው የመልስ ወረቀቱን ነው አለች። የጠዋቱ እጩ ከኮሚቴው አባላት የአንዱ የእህት ልጅ ነው። እኚህ አጎት የስበት ሕግን የሚያስተምሩ ምሁር ናቸውና «አንቺ ማን ሆነሽ ነው!» ብለው እብነ በረዱን ከትሪው አንሥተው ከሁለት እርምጃ ርቀት በፊቷ ላይ ወረወሩት።

እኔ ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ድንጋይ አጥንት ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ሥራዬ አስተምሮኛል። በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ስለነበር በትከሻዬ ገነጠልኩት። ልጄ በጉልበቷ ወድቃ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛለች፤ ደሙ በጣቶቿ መሐል እየወረደ እስከ ክርኗ ደርሷል፤ በወረቀቷ ላይ የተጻፈው ዜሮም በደም ተሸፍኖ አይነበብም። ድንጋዩ እግሬ ሥር ነበር፤ ስለቱ ከቅንድቧ ሥር ገብቶ ስለነበር ደምና ጸጉር ይዟል። አነሣሁት፤ እብነ በረድ ነው፤ ደም ተቀብቶም እብነ በረድ ነው። አጎትየው ሁለተኛ ድንጋይ ጨብጠው ነበር። አንገታቸውን ይዤ ግንባራቸውን ከጠረጴዛው ጋር አላተምኩት፤ ደገምኩትም፤ አልክድም። ሦስተኛውን ያስቀረችው ልጄ ናት፤ «አባዬ፣ ተው፣ ዓይኔ» ብላ ጮኸች፤ ያኔ ለቀቅኋቸው። አሁንም ሌሊትና ቀን የምጸጸተው ስለ ሁለቱ አይደለም፤ እሷን ከመሬት ከማንሣቴ በፊት እሳቸውን መያዜ ነው።

ከዚያ የግቢዎ ጥበቃዎች አራት ሆነው ደረሱ። ወርዋሪውን ወንበር ስበው አስቀመጧቸው፣ ውኃም አጠጧቸው። እኔን ከደረጃው በላይ ጀምረው እስከ ታች በዱላ ሸኙኝ፤ ሁለት የጎን አጥንቶቼ ተሰብረዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ፤ የጥበቃዎችዎን ቅልጥፍና ግን ሳላደንቅ አላልፍም፤ ለልጄ አንድም እጅ ሳይዘረጋ ለእኔ ስምንት እጅ ተገኘ። ልጄን ነጠላዋን ቀዳ ፊቷን ያሰረችላት፣ ታክሲም የጠራችላት ጸሐፊዋ ናት።

ሦስተኛ። በማግስቱ ጠዋት ያ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በዚያ ሰዓት ልጄ ሐኪሞች ከዓይኗ ውስጥ የድንጋይ ስብርባሪ እየለቀሙላት ነበር። ግራ ዓይኗ ከእንግዲህ አያይም ብለውናል። በገዛ ፈቃዷ! ሰው በገዛ ፈቃዱ ከምን ከምን እንደሚወጣ ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ እርስዎም ወረቀቱን ሲፈርሙ ብዕርዎ አልተንቀጠቀጠም፣ ፊርማዎ እጅግ ያምራል።

አራተኛ። አጎትየው ዛሬም ያስተምራሉ።

አምስተኛ። ባለፈው ሳምንት ከንብረት ክፍልዎ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ በእጄ የሚገኘውን «አንድ የማስተማሪያ ናሙና» በአሥር ቀን ውስጥ እንድመልስ ያዛል። ንብረት መጠበቅ ትልቅ ነገር ነው። ናሙናውን፣ ያንን እብነ በረድ፣ ክስ ስመሠርት ለመርማሪው ፖሊስ ስላስረከብኩት እዚያ ይጠየቅ፤ የልጄ ዓይን በየትኛው ክፍል መዝገብ ላይ እንደሚገኝ ግን ደብዳቤው አልጠቀሰም፤ ብታገኙት ሳትንቁ ላኩልኝ።

ልጄ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኝ ነበር። ሌላ ቦታ ፈልጋ እንደምትወዳደር ትናገራለች፤ ስትናገር ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የጠረብኩትን ፍርፋሪ ለቅማ በቀለም በቀለሙ ስትደረድር ያደገች ልጅ ናት፤ ከዚያ የመምህርነት ወንበር ሌላ የተመኘችው ነገር የለም። እናንተ ግን በድንጋይ ጀመራችኋት፣ በወረቀት ጨረሳችኋት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ የመርሳት ሐሳብ የለኝም።

እንግዲህ የዕውቀት ቤት ለሚመሩት፣ ለፊርማቸው ውበት ለሚጠነቀቁት፣ ለጎረምሳ ጥበቃዎች ጌታ ለሆኑት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ የማያረጅ መነጽርና ከሁለት እርምጃ በላይ የሚርቁ የሥራ ባልደረቦች እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ፤ የጎን አጥንቴ የፈቀደልኝን ያህል ብቻ ዝቅ ማለቴን ግን ይቅር ይበሉኝ።

አክባሪዎ
ድንጋይ ጠራቢው፣ የእጩዋ አባት

ግልባጭ፦
ለምድር ሳይንስ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ፣ ከምስጋና ጋር
ለግቢው ጥበቃዎች፣ ያለ ምስጋና

ከፈረምኩ በኋላ የተጨመረ፦ ማክሰኞ ጠዋት በራችን ተንኳኳ፤ የቆመው የቀጠራችሁት አዲሱ መምህር፣ ያ ሰባት ከሰባት ያገኘው የእህት ልጅ ነው። መዶሻዬን አንሥቼ ነበር፤ እግዜር አተረፈው እንጂ አናቱን ለሁለት ልከፍለው አንድ ስንዝር ነበር የቀረኝ። ልጁ አለቀሰ። የመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ ፊት አንድ ድንጋይ አንሥቶ ስሙን እንደ ወረቀቱ ነግሯቸው፣ አንዷ ተማሪ አሲድ ጠብ ስታደርግበት አረፋ ወጥቶ ክፍሉ በሳቅ እንደ ፈረሰበት ነገረን፤ ልጄንም እንድታስተምረው ለመነ። እኔ ላባርረው ስል እሷ «ተማሪዎቹ ምን በደሉ፣ አባዬ» አለችኝና አንድ ነገር አስቀድማ ጠየቀችው፤ ያጠናበትን ወረቀት እንዲያመጣ። አመጣ፤ በአጎቱ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ወረቀቱም አሁን መርማሪው ዘንድ ነው። ትምህርቱም ተጀምሯል፤ ልጄ ፋሻዋን እንዳደረገች ድንጋዮቹን በእጇ እየዳሰሰች ታስጠናዋለች፤ እስካሁን አምስቱን ለይቷል። የአጎቱ ጉዳይ ለሰኞ ተቀጥሯል፤ ለክቡርነትዎም የምስክርነት መጥሪያ ወጥቶልዎታል። እዚያ ዳኛው የሚጠይቁዎን ጥያቄ መልሱን አስቀድሞ የሚሰጥዎ ዘመድ ስለማይኖር፣ ከአሁኑ በርትተው እንዲያጠኑ በትሕትና እመክራለሁ።