የ«መውረጃውን ያለፈው መንገደኛ» ድራማ ደራሲ፣ የአቶ ሺጌሃሩ ኦኖዴራ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሺጌሃሩ ኦኖዴራ ከአባታቸው ከጀልባ አናጢው ከአቶ ዮኪቺ ኦኖዴራ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቶዋ እ.ኤ.አ. በ1927 በሳካታ ወደብ ተወለዱ። ታላቃቸው ኢሳኩ ነበር፤ ታናሻቸው ይህን የምጽፈው እኔ ፉሚዬ ነኝ። ትምህርታቸውን በሳካታ ጨርሰው በ1949 ቶኪዮ ገቡ፤ መጀመሪያ ለሬዲዮ፣ ቀጥሎም ለቴሌቪዥን ድራማ ይጽፉ ጀመር። በ1956 ከወይዘሮ ሱማኮ ጋር ትዳር መሥርተው ናቱኮን ወለዱ።

ኢሳኩ በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ማንቹሪያ ዘምቶ አልተመለሰም። እናታችን በአገራችን ልማድ ለራቀ ሰው የሚቀርበውን ማዕድ፣ ሩዙንና ሾርባውን፣ በየማታው በቦታው ታቀርብለት ነበር። በ1954 የመርዶው ደብዳቤ ሲደርሰን ባዶ ሣጥን ቀበርን፤ እሷም አልቅሳ ወጣላትና ማዕዱን አነሣች። እፎይ አልን።

በ1960 አገሩ ሁሉ ሌላ ጦርነት መጣ እያለ ሲሸበር ወንድሜ ሺጌሃሩ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ጻፉ። አንድ የቢሮ ጸሐፊ የአቶም ቦምብ መርዝ ያዘለውን ዝናብ፣ ጋዜጣውንና አለቃውን ሽሽት የባቡር መውረጃውን እያወቀ ያልፈዋል፤ ባቡሩም ጦርነት ያልነካው ከተማ ያደርሰዋል። ብዙ ተወደሰላቸው። ጥፋታቸው ለዚያ ሰው የኢሳኩን ስም፣ አነጋገሩንና ጆሮውን የማከክ ልማዱን መስጠታቸው ነው።

እናታችን ድራማውን ያየችው ቴሌቪዥን ባለበት በሰፈሩ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነው። ፀጉሯን እንኳ ሳታደርቅ ሮጣ መጥታ፣ «ፉሚዬ፣ ሩዝ ጨምሪ! ልጄ አለ!» አለችኝ።

ወንድሜ በሳምንቱ መጥተው፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ኢሳኩ እኮ ሞቷል» አሏት።

«ሞቷል ካልክ ታዲያ ምነው ሞተ ብለህ አልጻፍክ? አንተ ድሮም ውሸት አያምርብህም!»

እሷም እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1971፣ ዳግም የጀመረችውን ማዕድ አንድ ቀን አላስታጎለችም።

ድራማው በቀጥታ የተላለፈ ስለነበር ቅጂ አልቀረለትም። ወንድሜ ዳግመኛ ድራማ አልጻፉም፤ ጡረታ እስኪወጡ የሳሙና ማስታወቂያ ሲጽፉ ኖሩ። እኔም ቂም ይዤ በእናታችን ቀብር ላይ እንኳ አላናገርኳቸውም።

ባለፈው ወር የሳንባ ሕመማቸው ሲጠናባቸው ሄጄ፣ «ለምን የእሱን ስም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ገድዬ ልጽፈው ብል እጄ እምቢ አለኝ፣ እኅቴ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ይኑርልኝ ብዬ ነው» አሉኝ።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1991 በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ርኅሩኁ ቡድሃ ነፍሳቸውን ከእናታችንና ከኢሳኩ አጠገብ ያሳርፍልን። እኔንም ይቅር ይበሉኝ፤ ያቺን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።